ስታመሰኳ ቆማችሁ እዩአት

ላም፣ በግ ወይም ፍየል የምታረቡ ከሆነ ገንዘብም መሣሪያም የማይጠይቅ አንድ የጤና ምርመራ አለላችሁ። ስታመሰኳ ቆሞ ማየት ነው፣ በቃ። ብዙ አርቢ ይህን ያልፈዋል። የሚከታተለው በልታለች ወይስ አልበላችም፣ ወተቷ ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለውን ነው። ወተት ግን ዘግይቶ ነው ወሬ የሚያመጣው። የላም ሆድ ሲረበሽ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀንሰው ማመስኳቷ ነው፣ የወተቱ መቀነስ ከኋላ ይከተላል።

ምን እንደምታዩ፣ ያያችሁት ምን ማለት እንደሆነና ምን ማድረግ እንደምትችሉ በየተራ እናያለን። ሆዷ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ሳይገባን ከጀመርን ግን ዝም ብሎ መቁጠር ይሆንብናል። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ውስጥ እንግባ።

ሳሩን የምትፈጨው እሷ አይደለችም

የሳርና የገለባ ዋናው ክፍል ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስን የሚሰባብር ኢንዛይም ላም የላትም። በግም ፍየልም የላቸውም፣ እኛም የለንም። ሥራውን የሚሠሩላት ጨጓራዋ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ ፕሮቶዞዋዎችና ፈንገሶች ናቸው። ቁጥራቸው ቀላል አይደለም፤ ከጨጓራዋ የተቀዳ አንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ 10 ቢሊዮን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ባክቴሪያ ይይዛል። ፕሮቶዞዋዎቹ በማይክሮስኮፕ ታይተው የተገለጹት እ.ኤ.አ. በ1843 ነው። ፈንገሶቹ ግን ለረጅም ጊዜ ከፕሮቶዞዋ ጋር ሲምታቱ ቆይተው ማንነታቸው የታወቀው በ1975 ነበር፣ ያውም በበግ ጨጓራ ውስጥ።

እነዚህ ፍጥረታት ሳሩን ሲያብላሉ አሲድ ይተርፋቸዋል። አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ ይባላሉ። ላሟ አሲዶቹን በጨጓራዋ ግድግዳ በኩል ወደ ደሟ ትመጥጣቸዋለች፤ ከምታገኘው ጉልበት 70 ከመቶ ገደማ የሚሆነው የሚመጣው ከዚህ ነው። ፕሮፒዮኒኩ ጉበቷ ውስጥ ወደ ስኳር ይቀየራል። አሴቲኩ ደግሞ ለወተት ቅባት ይውላል። ለዚህ ነው ገለባና ድርቆሽ በቅጡ የማታገኝ ላም ወተቷ ብዙ ሆኖ እንኳ ቅባቱ ሊሳሳ የሚችለው።

ፕሮቲኑስ? ፕሮቲኑ በአብዛኛው ፍጥረታቱ ራሳቸው ናቸው። ተባዝተው ከምግቡ ጋር ወደ ታች ይወርዳሉ፣ እዚያ አሲድ ይጠብቃቸዋል፣ ይፈጫሉ። ላም ሳር በል ትባላለች እንጂ ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ባክቴሪያ አርቢ ናት።

እንግዲህ ይህን ያዙ፦ ድርቆሽ ስታቀርቡ የምትመግቡት እነዚያን ፍጥረታት ነው፣ ላሟ የምትኖረው ከነሱ በሚተርፈውና በነሱው ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ ምክር ሁሉ፣ ቀስ ብላችሁ መኖ ቀይሩ የሚለውም፣ ገለባውን አታድቅቁት የሚለውም፣ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ምግቡ የሚሄድበት መንገድ

ላም አራት ሆድ አላት ሲባል ትሰማላችሁ። አንድ ሆድ ነው፣ አራት ክፍል ያለው። ትልቁ ሩመን ነው፣ በተለምዶ ጨጓራ የምንለው፤ በአዋቂ ላም ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል፣ የሆዷን የግራ ጎን ሞልቶት ነው የሚቀመጠው። ከፊቱ፣ ወደ ልብ ተጠግቶ፣ ሬቲኩለም አለ። ግድግዳው እንደ ማር እንጀራ ባለ ብዙ ጎን ክፍልፋይ ነው። ሦስተኛው ኦማሰም፣ ሽንፍላ የሚባለው፣ ስስ ቅጠል በቅጠል ላይ የተደራረበበት ሲሆን ከሚያልፈው ነገር ውሃውን ይመጥጣል። አራተኛው አቦማሰም ነው፤ አሲድና ኢንዛይም የሚያመነጨው እሱ ብቻ ነው፣ ሥራውም እንደ ሰው ጨጓራ ነው።

ላም ፊት ለፊት የላይኛው ጥርስ የላትም። በቦታው ጠንካራ ድድ ነው ያለው። ሳሩን በምላሷ ጠቅልላ ትጎትትና ከታችኛው ጥርስና ከዚያ ድድ መሀል ይዛ ትበጥሰዋለች፣ ጥቂት አኝካ ትውጠዋለች። ይህ ችኮላ ያለ ምክንያት አይደለም። በዱር የሚኖሩት ዘመዶቿ ሜዳ ላይ አንገታቸውን ደፍተው በቆዩ ቁጥር ለአውሬ ይጋለጣሉ፤ ቶሎ ሞልቶ ወደ ሰዋራ ቦታ ዞር ማለት፣ ማኘኩን እዚያ ተረጋግቶ መጨረስ ይሻላል።

የተዋጠው ምግብ ሩመን ውስጥ በየፈርጁ ይደረደራል። ከላይ ጋዝ አለ። ከጋዙ ሥር ረጃጅሙ ጭራሮ ተንሳፎ ወፍራም ምንጣፍ ይሠራል። ከሱ በታች ፈሳሽ፣ ከሥር ደግሞ ከበድ ያሉት የእህል ቅንጣቶች። ጨጓራው በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይኮማተርና ይህን ሁሉ ያገላብጠዋል። ወደ ሽንፍላ የሚወስደው ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር የደረሰውን ቅንጣት ነው በአብዛኛው የሚያሳልፈው። ያላለቀው እዚያው ይቆያል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ገለባ ከሆነ ከዚያም በላይ።

ማመስኳት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጭራሮው ጨጓራውን ከውስጥ ሲቧጥጠው ነርቮች መልእክት ያስተላልፋሉ። ሬቲኩለሙ ከወትሮው አንድ ተጨማሪ ጊዜ ይኮማተራል፣ ላሟ የትንፋሽ ቧንቧዋን ዘግታ ደረቷን ትነፋለች፣ የምግብ ቧንቧዋ ውስጥ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል፣ ጉርሻው ሽቅብ ይወጣል። አፏ ሲደርስ ፈሳሹን ጨመቅ አድርጋ መልሳ ትውጣለች፣ ጭራሮው ብቻ ይቀራል። ከዚያ ማኘክ ነው። ማስታወክ እንዳይመስላችሁ፤ ማስታወክ አቦማሰም ውስጥ ያለውን አሲድ ያመጣ ነበር፣ ይህ ግን አቦማሰም ያልደረሰ ምግብ ነው።

አሁን ቆማችሁ እዩ

ሰዓት ምረጡ። ስትበላ ወይም ስትታለብ አይደለም። መኖ ከጨረሰች በኋላ ከአንድ ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ ጥላ ሥር ጋደም ስትል ጥሩ ነው። ሌሊትም አብዝታ ታመሰኳለች፣ ስለዚህ የማታ ዙር ያላችሁ ሰዎች ከሌላው በተሻለ ታያላችሁ። ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ደንገጥ ካለች ታቆማለች፣ ውሻ ይዞ መጥቶ ላሜ አታመሰኳም ማለት አይቻልም።

ዓይናችሁን አንገቷ ግራ ጎን ላይ አድርጉ። የምግብ ቧንቧው የሚያልፈው በዚያ በኩል ስለሆነ ጉርሻው ከደረቷ ተነስቶ ሽቅብ ሲሮጥ ከቆዳው ሥር ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ይገረማል፣ በጣም ፈጣን ነው። ከዚያ የታችኛው መንጋጋ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ይፈጫል። ሲያልቅ ትውጣለች፣ ያ ደግሞ ቁልቁል ሲወርድ ይታያል። ሦስት አራት ሰከንድ ዝም ትላለች። ቀጣዩ ጉርሻ ይመጣል።

አንድ ጉርሻ ከመጣበት እስከሚዋጥበት ስንት ጊዜ እንዳኘከች ቁጠሩ። በጤነኛ አዋቂ ላም ከ50 እስከ 70 ባለው ውስጥ ነው፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አንድ ጉርሻ ብቻ ቆጥራችሁ አትፍረዱ፤ ሦስት አራቱን ቆጥራችሁ አማካዩን ያዙ፣ ያንንም በሌላ ቀን ድገሙት። በጎችና ፍየሎች መንጋጋቸው ፈጠን ይላል፣ ስለዚህ የላምን ቁጥር እነሱ ላይ አትጫኑ። ለነሱ የሚሻለው የራሳቸውን የደህና ቀን ቁጥር አውቆ ከሱ ጋር ማወዳደር ነው።

ብዙ ከብት ካላችሁ ደግሞ ሌላ ቀላል ዘዴ አለ። ተኝተው ወይም ቆመው እያረፉ ካሉት ውስጥ ስንቱ እያመሰኩ ነው? ከግማሽ በላይ መሆን አለበት፣ 60 ከመቶ ቢደርስ ደስ ይላል። አሥር ላም አርፋ ሦስቱ ብቻ የሚያመሰኩ ከሆነ ችግሩ የአንዷ ላም አይደለም፣ የመኖው ነው።

በጠቅላላው አንዲት ላም በቀን ከ6 እስከ 9 ሰዓት ያህል ታመሰኳለች። በአንድ ጊዜ አይደለም፣ ቆራርጣ ነው። ሙሉ ቀን ቆማችሁ መቁጠር እንደማትችሉ ግልጽ ነው። አሁን ይህን የሚቆጥር አንገት ላይ ወይም ጆሮ ላይ የሚታሰር መሣሪያ አለ፣ በትልልቅ እርባታዎች የተለመደ ሆኗል። አምስት ስድስት ላም ላለው ሰው ግን ዓይን ይበቃል ባይ ነኝ።

ቁጥሩ ምን ይላል

ከ50 በታች እየሆነ ከቀጠለ ብዙውን ጊዜ ረጅም ጭራሮ አንሷታል ማለት ነው። ወይ እህልና ፉርሽካው በዝቷል፣ ወይ ገለባው ከመጠን በላይ ደቅቋል። የደቀቀ ገለባ ሲታይ ገለባ ነው፣ ለጨጓራው ግን ጭራሮ አይደለም፤ ግድግዳውን አይቧጥጥም፣ ምንጣፉን አይሠራም። የምትከረክሙ ከሆነ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ባለው ተዉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ብዙ ማመስኳት ሁልጊዜ ጥሩ ምልክት አይደለም። ደረቅ ገለባ ብቻ የምትበላ ላም መንጋጋዋ ሲሠራ ይውላል፣ ሲያዩአት ጤነኛ ናት፣ ሰላም ናት። ግን ገለባው ሳያልቅ ጨጓራዋ ውስጥ ስለሚቆይ ሌላ መጨመር አትችልም፤ ሆዷ ሞልቶ ሰውነቷ ይከሳል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ገለባ መጨመር አይደለም፣ ለነዚያ ፍጥረታት ናይትሮጅን ማድረስ ነው። አልፋልፋ ወይም ሌላ የጥራጥሬ ዘር የሆነ ቅጠል ወይም ትንሽ ፋጉሎ ሲጨመር እነሱ ይባዛሉ፣ ገለባው ቶሎ ይሰባበራል፣ ቦታ ይለቀቃል፣ ላሟ ያንኑ ገለባ አብዝታ መብላት ትጀምራለች።

እጃችሁንም አስገቡበት

ማየት ሲጎድል መንካት አለ። በግራ ጎኗ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ፣ ከዳሌ አጥንቷ ፊት ያለችውን ጎድጎድ ያለች ቦታ ፈልጉ። ጡጫችሁን አስደግፋችሁ ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ። ጨጓራው ሲኮማተር እጃችሁን ገፋ ያደርገዋል። በሁለት ደቂቃ ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ከገፋችሁ ደህና ነው። አንድም ጊዜ ካልገፋ ጨጓራው ቆሟል፣ ይህ ደግሞ ነገ እናየዋለን የሚባል አይደለም።

ቅርጹም ይናገራል። ጎድጓዳው በጣም ገብቶ ከታየ ዛሬ አልበላችም። ሲነካ እንደ ሊጥ ለስለስ ብሎ የጣት ምልክት የሚይዝ ከሆነ ጭራሮ ሞልቶታል፣ ጥሩ ነው። ተነፍቶ ወደ ውጭ ከወጣና ሲመታ ከበሮ ድምፅ ካሰማ ጋዝ ነው። ስለሱ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ምራቅ፣ ሁሉም የሚረሳው ነገር

ማመስኳት ጭራሮ ማድቀቅ ብቻ ይመስላል። ግማሹ ሥራ ግን ምራቅ ነው። አንዲት ላም በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ታመነጫለች፣ አንዳንዷ 150ም ትደርሳለች። ምራቋ ውስጥ ባይካርቦኔት አለ፣ እሱም ጨጓራ ውስጥ የሚመረተውን አሲድ ያረግበዋል። ጨጓራው በፒኤች መለኪያ (ቁጥሩ በወረደ መጠን አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ከ6 እስከ 7 ባለው ውስጥ ሲሆን ሴሉሎስ የሚሰባብሩት ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል። ከ5.5 በታች ሲወርድ ሥራ ያቆማሉ።

አሁን እህል ያበዛችሁላትን ላም አስቡ። እህል ቶሎ ይብላላል፣ ስለዚህ አሲዱ በአንዴ ይበዛል። እህል ጭራሮ ስለሌለው ደግሞ ብዙ አታመሰኳም፣ ስላላመሰኳች ምራቁ ይቀንሳል፣ አሲዱን የሚያረግበው ነገር ያንሳል። በአንድ ጊዜ ሁለት በትር ነው። ላክቲክ አሲድ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ሜዳውን ይይዙታል፣ ፒኤቹ ይበልጥ ይወርዳል፣ የጨጓራው ግድግዳ ይቆስላል፣ ውሃ ከደሟ ወደ ሆዷ ይሳባል፣ ሰውነቷ ይደርቃል። ከባዱ ዓይነት በአንድ ቀን ሊገድል ይችላል። ቀለል ያለው ደግሞ ሳይታወቅ ይቆይና ከሳምንታት በኋላ ሰኮናዋ ላይ ይወጣል፣ ሰውም የእግር ችግር ነው ብሎ እግሯን ያክማል።

እንዳይመጣ የሚደረገው ከባድ አይደለም። ጠዋት መጀመሪያ ድርቆሽ ወይም ገለባ ስጧት፣ እህሉ ከዚያ ይከተል። የቀኑን እህል በአንዴ አታፍስሱላት፣ ሁለት ሦስት ቦታ ክፈሉት። አዲስ መኖ ስትጀምሩ፣ በተለይ እህል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ወስዳችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ባክቴሪያዎቹ በአንድ ሌሊት አይተካኩም፣ የጨጓራው ግድግዳም ራሱን ለማዘጋጀት ጊዜ ይፈልጋል። ውሃ ሁልጊዜ ይኑር፣ ብዙ የምትታለብ ላም በቀን 100 ሊትር ያህል ልትጠጣ ትችላለች። የእህል ማስቀመጫው በር ደግሞ ይቆለፍ። ይህን የምለው እንደ ዋዛ አይደለም፤ ገመድ ፈትታ እህል ቤት ገብታ ያደረች ላም የዚህ በሽታ ዋነኛ ታማሚ ናት።

እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ የቀረውን እህል ከፊቷ አንሱ፣ ድርቆሽ አቅርቡ፣ ምንም ምልክት ሳታሳይ በፊት የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። መጠበቅ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ ምልክቱ እስኪታይ ሰዓታት ያልፋሉ፣ በነዚያ ሰዓታት ውስጥ ደግሞ ብዙ ማድረግ ይቻል ነበር።

ጋዙ ካልወጣ

ያ ሁሉ መብላላት ጋዝ አለው። በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ነው፣ አዋቂ ላም በሰዓት 30 ሊትርና ከዚያ በላይ ልታመነጭ ትችላለች። የሚወጣው በማግሳት ነው። ሚቴኑን የምትለቀው በኋላዋ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፣ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚወጣው በአፏና በአፍንጫዋ ነው። ለማግሳት ጋዙ ከላይ፣ ፈሳሹ ከታች መሆን አለበት። ስለዚህ ላም በጎኗ ተዘርግታ ብዙ ከቆየች፣ ታማም ይሁን ታስራ፣ ፈሳሹ መውጫውን ይዘጋውና ትነፋለች። በጎኗ የወደቀች ላም ካያችሁ ደረቷን መሬት አስነክታ እንድትቀመጥ አቅኗትና በድርቆሽ እስር ወይም በጆንያ ደግፏት።

ሆድ መነፋት ሁለት ዓይነት ነው፣ መፍትሔውም ይለያያል። አንደኛው ጋዙ ነጻ ሆኖ መውጫ ሲያጣ ነው፦ ድንች ወይም ሌላ ቁራጭ ጉሮሮዋ ላይ ሲሰነቀር ለምሳሌ። ሁለተኛው አረፋ ነው። ለጋ አልፋልፋና ክሎቨር፣ በተለይ ጠል ወይም ዝናብ ያረፈበት፣ ጨጓራ ውስጥ ጋዙን በትንንሽ አረፋ ያስረዋል፤ አረፋ ደግሞ አይገሳም።

ለአረፋው የምግብ ዘይት ይሠራል። ለላም ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሊትር፣ ለበግና ለፍየል ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በአፍ። ዘይቱ አረፋውን ይሰብረዋል። ስታጠጡ ጭንቅላቷን ሽቅብ አታንጋጡት፣ ቀስ በቀስ ነው፣ ካልሆነ ሳንባ ይገባና ሌላ መዘዝ ነው። የተሰነቀረ ነገር ካለ ግን ምንም አታጠጡ። በሁለቱም ጊዜ አቁማችሁ፣ የፊት እግሯ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሆኖ ብትቆም ይረዳል። ትንፋሽ ካጠራት፣ ምላሷ ከወጣ፣ የግራ ጎኗ ከጀርባዋ በላይ ካበጠ ሐኪም ወዲያው ነው፤ ቱቦ ያስገባል ወይም ጎኗን ይበሳል። ቢላ ይዞ መሞከር የመጨረሻው የመጨረሻ ነው።

መከላከሉ? ወደ ለጋ አልፋልፋ ማሳ በባዶ ሆድ አታስገቡ። ድርቆሽ አብሉ፣ ጠሉ ይድረቅ፣ ከዚያ ለአጭር ጊዜ ልቀቁ።

ሚስማርና ሽቦ

ላም ሳር በአፏ አጣርታ አትበላም፤ ሚስማርና የሽቦ ቁራጭ አብራ ትውጣለች። ከባድ ስለሆነ ሬቲኩለም ውስጥ ይቀመጣል። ሬቲኩለሙ በተኮማተረ ቁጥር ሚስማሩ ይገፋል፤ ግድግዳውን በስቶ ዲያፍራሙን፣ ሆድና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ፣ አልፎ ልቧ ጋ ሊደርስ ይችላል፣ ሩቅ አይደለምና። ጀርባዋን ጎበጥ አድርጋ የምትቆም፣ ቁልቁለት መውረድ የምትፈራ፣ ስትነሳ የምታቃስት፣ ማመስኳት ያቆመች ላም ካያችሁ ይህን ጠርጥሩ። ለዚህ አንድ ደስ የሚል መፍትሔ አለ፦ ማግኔት። ሐኪሙ በአፏ ያስውጣታል፣ ሬቲኩለም ውስጥ ዕድሜ ልኳን ይቀመጣል፣ ብረቱን ይዞ እንዳይንቀሳቀስ ያደርጋል። ፌስታልን ግን ማግኔት አይዘውም። ፌስታል ጨጓራ ውስጥ አይፈርስም፣ እየተጠራቀመ ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ ግጦሹን መልቀም የእናንተ ሥራ ነው።

ጥጃ ሌላ ነው

አዲስ የተወለደ ጥጃ አያመሰኳም። ሩመኑ ትንሽ ነው፣ የሚሠራው አቦማሰሙ ነው። ሲጠባ ከጉሮሮው ጫፍ ተነስቶ ሩመኑን የሚዘል ቦይ ይዘጋና ወተቱን በቀጥታ አቦማሰም ያደርሰዋል። ወተት ሩመን ከገባ ይኮመጥጣል፣ ጥጃው ይነፋል። ስለዚህ ወተት በግድ አፉ ውስጥ አታፍስሱ፣ ይጥባ ወይም ከጡጦ ይሳብ።

ሩመኑን የሚያሳድገው ደረቅ መኖ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ንጹህ ውሃና ትንሽ የተፈረከሰ እህል አጠገቡ ይኑር። አይበላውም ብላችሁ አትተዉት፣ መጀመሪያ ይልሰዋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሲያመሰኳ ልታዩት ትችላላችሁ። በደንብ መብላቱ ሳይታይ ወተት በአንዴ አታቋርጡ።

እበቱንም ተመልከቱ

የላይኛው ጫፍ የደበቀውን ታችኛው ያወጣዋል። አንድ እፍኝ እበት ወንፊት ላይ አድርጋችሁ በውሃ እጠቡት። ደስ አይልም፣ ግን ብዙ ነው የሚነግራችሁ። ከአንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጭራሮና ያልተነካ የእህል ቅንጣት ከበዛ ምግቡ ሳይታኘክና ሳይብላላ ሾልኮ ነው ያለፈው። ቀጭን፣ አረፋ ያለው፣ ጎምዛዛ የሚሸት ከሆነ ወደ ላይ ተመልሳችሁ የምራቁን ክፍል አንብቡ።

ማመስኳት ስታቆም

ለጥቂት ሰዓት ማቆሟ ብቻውን በሽታ አይደለም። ልትወልድ ስትል ትቀንሳለች፣ ኮርማ ስትፈልግ ትቀንሳለች፣ ከፍተኛ ሙቀት፣ ረጅም ጉዞ፣ አዲስ ቦታም ያስቀንሳሉ። ትኩሳት፣ የጡት ሕመምና ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የካልሲየም እጥረት ደግሞ ጨርሶ ያስቆማሉ። መጀመሪያ ትኩሳቷን ለኩ፣ በአዋቂ ላም 38 ከግማሽ ገደማ ነው፣ ከ39.5 ካለፈ ታማለች። ጎኗን ንኩ። ትላንት ምን እንደበላች አስታውሱ። ከምግብም ከተለየች ወይም ጨጓራዋ ካልተንቀሳቀሰ ያኔውኑ ሐኪም ጥሩ። ምንም ሌላ ምልክት ሳይኖር ቀኑን ሙሉ ካላመሰኳችም እንዲሁ።

ብዙ ቀን ሳትበላ የቆየች ላም ሌላ ችግር አለባት፦ ሕመሙ ድኖ እንኳ ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ፍጥረታት በረሃብ አልቀዋል። በዚህ ጊዜ ሐኪሞች ከጤነኛ ላም ጨጓራ ፈሳሽ ቀድተው በቱቦ ለታመመችው ይሰጧታል። ነገሩ የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሠራልም። ፈሳሹ ሳይቀዘቅዝ፣ ብዙ አየር ሳያገኘው፣ በቶሎ መሰጠት አለበት፤ ብርድና ኦክስጅን እነዚያን ፍጥረታት ይገድሏቸዋል።

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው ለሚያመሰኩት ነው። ግመል ያመሰኳል፣ ሆዱ ግን ሦስት ክፍል ስለሆነ ቁጥሮቹ አይገጥሙትም። ጥንቸል አያመሰኳም፣ ለስላሳውን ኩስ መልሶ በመብላት ነው ምግቡን ሁለት ጊዜ የሚያሳልፈው። ፈረስና አህያ ደግሞ ሳሩን የሚያብላሉት ከኋላ፣ ትልቁ አንጀታቸው ውስጥ ነው፤ ጋዙን በማግሳት ማስወጣት ስለማይችሉ፣ ማስመለስም ስለማይሆንላቸው፣ ሆዱ ለተነፋ ፈረስ ያን ዘይት ልስጠው እንዳትሉ፣ እሱ ከመጀመሪያውም የሐኪም ጉዳይ ነው።